ቁልፉ የፎልደሩ አይደለም፤ የሰውየው ነው

ባለፈው እሁድ ከሰዓት በኋላ በኮንዶሚኒየማችን ኮሚናል ለጎረቤቶቼ የተናገርኩት ነው። ያልመጡ ሰዎች ጻፍልን ስላሉኝ በስልክ ከተቀዳው ላይ ገለበጥኩት። ከሳልና ከወንበር ጩኸት በቀር ብዙ አልቆረጥኩም።

ጤና ይስጥልኝ ጎረቤቶቼ። እንደምን ዋላችሁ? ቡናችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። እማማ፣ እርስዎ ወደ ፊት ጠጋ ይበሉ፤ ማይክ የለንም። ልጆችም ግቡ፣ በሩ ላይ አትቁሙ። የዛሬው ነገር እናንተንም ይመለከታል። እንዲያውም ከሁሉም በላይ እናንተን ነው።

የማኅበራችን ሊቀመንበር «ስለ ኮምፒውተር ደህንነት ተናገርልን» ሲሉኝ ደነገጥኩ። ያ ባሕር ነው። እኔ ደግሞ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ እንጂ ፕሮፌሰር አይደለሁም። ስለዚህ አንዲት ጠባብ ነገር መረጥኩ። ቤታችን ባለው ኔትወርክ ላይ ሼር ያደረግነውን፣ ማለትም ሌላ ኮምፒውተርና ስልክ እንዲገባበት የከፈትነውን ፎልደር፣ በፓስዎርድ እንዴት እንቆልፈዋለን? በቃ፣ ይኸው ነው። ሦስት ነጥብ አለኝ። አንደኛ፣ የቤት ኔትወርክ የምንለው የማን ቤት ነው? ሁለተኛ፣ ፓስዎርዱ የሚገባው ምኑ ላይ ነው? ሦስተኛ፣ በተግባር እንዴት ይሠራል? ወሬ ካበዛሁ «ወደ ነጥብህ» በሉኝ። ባለቤቴ ለምዳዋለች።

እስቲ መጀመሪያ እጅ አውጡልኝ። ዋይፋይ ከጎረቤት ጋር የምትካፈሉ ስንት ናችሁ? አትፍሩ፣ እኔም አንዱ ነኝ። አያችሁ? ከግማሽ በላይ ነን!

እንግዲህ የመጀመሪያው ነጥቤ እዚህ ላይ አለቀ ማለት ይቻላል። ፈረንጆቹ በሚጽፉት መመሪያ ላይ «የቤት ኔትወርክ» ሲባል አንድ ቤት፣ አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ራውተር፣ ያ ዋይፋይ የሚሰጠው ሳጥን፣ ማለት ነው። እኛ ጋ ግን ራውተሩ የኔ ሳሎን ተቀምጦ የወር ሂሳቡን አራት ቤት ይካፈለዋል። ደግ ነገር ነው፣ አልነቅፈውም። ግን የራውተሩ ፓስዎርድ አሁን የት የት እንዳለ ቁጠሩልኝ። አራት ቤት ውስጥ አለ። የአራት ቤት ልጆች ስልክ ላይ አለ። የልጆቹ ጓደኞች ስልክ ላይ አለ። ለጥምቀት ከክፍለ ሀገር መጥታ የሰነበተች የአክስት ልጅ ስልክ ላይ አለ። ቧንቧ ሊሠራ መጥቶ «ወንድም፣ ዋይፋይ አለ?» ያለው ልጅ ስልክ ላይ ሳይቀር አለ። ያ ሁሉ ሰው፣ በኮምፒውተራችሁ ዓይን፣ ቤት ውስጥ ነው። ሶፋችሁ ላይ ተቀምጧል።

ዊንዶውስ እያንዳንዱን ኔትወርክ «ፕራይቬት» ወይም «ፐብሊክ» ብሎ ይይዘዋል። ፕራይቬት ካላችሁት ኮምፒውተራችሁ ለሌሎቹ እንዲታይ፣ ፋይልም እንዲያካፍል መንገዱ ይከፈታል። እኛ ደግሞ ቤታችን ነንና «ፕራይቬት» ብለን እናልፋለን። እውነት ፕራይቬት ነው? ከአራት ቤት ጋር?

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልግባ። ዛሬ እዚህ ያቆመኝ እሱ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ፋሲካ። ቤት በእንግዳ ሞልቷል። የእህቴን የሠርግ ቪዲዮ በትልቁ ቴሌቪዥን እንይ ተባለ። ቪዲዮው ያለው መኝታ ቤት ባለው ዴስክቶፕ ላይ ነው። ችግር የለም፣ ፎልደሩን ሼር አድርጌዋለሁ፣ ቴሌቪዥኑም ላይ ቪኤልሲ የሚባለው ቪዲዮ ማጫወቻ አለ። ከፈትኩት። ቴሌቪዥኑ ዩዘርኔምና ፓስዎርድ ጠየቀኝ። በሪሞት ፊደል እየለቀሙ መጻፍን ታውቁታላችሁ አይደል? አንድ ፊደል ለመድረስ ስምንት ጊዜ ወደ ቀኝ! ሦስቴ ተሳሳትኩ። ከኋላዬ አጎቴ «ኮምፒውተር ይሠራል አላላችሁም እንዴ?» ይላል።

ተናደድኩ። ተነሥቼ መኝታ ቤት ገባሁ። «ፓስዎርድ ፕሮቴክትድ ሼሪንግ» የሚለውን አጠፋሁት። ፎልደሩን «ኤቭሪዋን» ለሚባለው፣ ማለትም ለሁሉም ሰው ከፈትኩት። «ፉል ኮንትሮል» የሚለውንም፣ ማለትም የገባው ሁሉ እንደፈለገ ይለውጥ፣ ያጥፋ የሚለውን፣ ምልክት አደረግኩበት። ተመልሼ ስመጣ ቪዲዮው ሳይጠይቅ ተከፈተ። እልል ተባለ። እኔም በሆዴ «እንግዶቹ ሲሄዱ እመልሰዋለሁ» አልኩ።

መለስኩት? አልመለስኩትም። እንግዶቹ ሄዱ፣ ፋሲካ አለፈ፣ ሰኔ ገባ፣ እኔ ረሳሁት።

ሐምሌ ላይ የአባቴ ሙት ዓመት ደረሰ። ፎቶውን አሳጥሜ በፍሬም ላደርግ ፎልደሩን ከፈትኩ። ሠርጉ አለ። «አባዬ» የሚለው ፎልደር የለም። የተጣለ ፋይል የሚጠራቀምበት ሪሳይክል ቢን ገባሁ፤ ባዶ ነው። ባለቤቴን ጠየቅኩ። ልጆቼን ጠየቅኩ። ልጆቹን ትንሽ ጮኽ ብዬ ነው የጠየቅኩት፤ እሱን ዛሬ ይቅርታ እላለሁ። ማንም አልነካውም።

ማን ነካው? ስሙን አልጠራም፤ የጎረቤት ልጅ ነው፣ ያኔ 11 ዓመቱ ነበር፤ አሁን እዚህ የለም፣ ኳስ ላይ ነው። ከሳምንት በኋላ ራሱ መጥቶ ነገረኝ። ቃል በቃል ልንገራችሁ፦ «ጋሼ፣ ስልኬ ሞልቶ ጌም አልጫን ብሎኝ ነበር። ፋይል ማኔጀር ውስጥ የማላውቃቸው ሽማግሌ ፎቶ ብዙ ነበረ። ምን ሊያደርግልኝ ብዬ አጠፋሁት።»

የማላውቃቸው ሽማግሌ። አባቴ ነው!

ልጁን ልቆጣው? በምን አፌ? ስልኩ ላይ ያለው የፋይል ማኔጀር ኔትወርኩን ፈልጎ የኔን ኮምፒውተር አገኘ፣ እንደ ማንኛውም ፎልደር ደርድሮ አሳየው። የሱ ይሁን የኔ በምን ይለየው? እንደውም ሳይጠየቅ መጥቶ መናገሩ የሚያስመሰግነው ነው። በሩን በርግጄ የተውኩት እኔ ነኝ። እሱ የገባው በተከፈተ በር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ። ከኮምፒውተራችሁ ላይ ራሳችሁ ያጠፋችሁት ፋይል ሪሳይክል ቢን ይገባል። በኔትወርክ በኩል ሌላ ሰው ያጠፋው ግን አይገባም። ቀጥታ ነው የሚሄደው። ይሄን እኔም በጆሮዬ እንጂ በልቤ አላውቀውም ነበር። የጠፋ ፋይል በሚያወጣ ፕሮግራም ሁለት ሌሊት ሙሉ ዲስኩን አስፈተሽኩት። ከፊሉ ተገኘ፤ ስሙ ጠፍቶ፣ ቁጥር ብቻ ሆኖ። ከፊሉ ላዩ አባቴ፣ ታቹ ግራጫ ሰሌዳ ነው። በማግስቱ ፓስዎርዱን መልሼ አበራሁት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

እሺ። ወደ ነጥቤ።

ሁለተኛው ነጥብ ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ነው። ደንበኞች ይመጡና «ይችን ፎልደር ፓስዎርድ አድርግባት» ይሉኛል። ልክ ቁም ሳጥን ላይ ጓጉንቸር እንደማንጠልጠል። ዊንዶውስ ላይ እንደዚያ አይሠራም። ፎልደሩ ፓስዎርድ የለውም። ፓስዎርድ ያለው ሰውየው ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የተመዘገበ ዩዘር አለ፣ ያ ዩዘር ፓስዎርድ አለው። ፎልደሩ ላይ የሚጻፈው «እገሌ ይግባ፣ እገሊት ትይ ግን አትንካ» የሚል ዝርዝር ነው። የሠርግ ቤት በር ላይ ጥሪ ወረቀት እንደሚያይ አስተናጋጅ አድርጋችሁ አስቡት። ቁልፉ የፎልደሩ አይደለም፤ የሰውየው ነው። ይሄን የያዘ ሰው ሌላው ሁሉ ይቀለዋል።

ድሮ እንደዚያ ነበር እኮ! በዊንዶውስ 95 እና 98 ዘመን ለእያንዳንዱ ፎልደር የራሱን ፓስዎርድ መስጠት ይቻል ነበር። አንዱ ለማንበብ ብቻ፣ ሌላው ለማንበብም ለመለወጥም። ጥሩ ይመስላል አይደል? ግን ፓስዎርዱ ለቤተሰቡ ሁሉ አንድ ነው፤ አንዱ ካወራው ለሁሉም መቀየር ነው። ከዚያ የባሰም መጣ። እ.ኤ.አ. በ2000 አንድ ጉድ ተገኘ። ኮምፒውተሩ የሚያመሳክረው እንግዳው «ይህን ያህል ፊደል ነው የላክሁት» ባለው ልክ ብቻ ነበር። እንግዳው «አንድ ፊደል» ካለ የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ ያያል። ስምንት ፊደል ያለው ፓስዎርድ በአንድ ፊደል ይከፈት ነበር! ማይክሮሶፍት በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ጠገነው። እኔ ይህን ሳነብ ለአንድ ቀን ያህል ሳቅሁ። በማግስቱ ሱቅ ሄጄ ስንት የድሮ ማሽን እንዳለ ሳይ ሳቄ ቆመ።

ከፈለጋችሁ ፓስዎርድ ራሱ ከየት መጣ ብላችሁ ጠይቁ። የመጣው ከዚሁ ከመካፈል ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ፣ ኤምአይቲ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ፈርናንዶ ኮርባቶ የሚባል ሰው አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ እንዲጠቀምበት የሚያደርግ ሥርዓት ከባልደረቦቹ ጋር ሠራ። ማሽኑ የጋራ ነው፣ ፋይሉ ግን የየግል። ስለዚህ ለያንዳንዱ ሰው ፓስዎርድ ሰጡት። እ.ኤ.አ. በ1962 አንድ ተመራማሪ የተመደበለት ሰዓት አልበቃው ብሎ የፓስዎርዶቹን ዝርዝር ማሽኑን አሳትሞ ወሰደና በሌሎች ስም ገባ። ከብዙ ዓመት በኋላ ራሱ ተናዘዘ። ፓስዎርድ በተወለደ ማግስት ተሰረቀ ማለት ነው። ስለዚህ እናንተ የልጃችሁን ስምና የተወለደበትን ዓመት ፓስዎርድ ስታደርጉ እኔ ለምን እንደምቆጣ ይግባችሁ።

«ወደ ነጥብህ!» አላችሁኝ? እሺ፣ መጣሁ።

ሦስተኛው፣ በተግባር። ላፕቶፕ ያመጣችሁ ክፈቱ። ዊንዶውስ 11 ከሆነ ሴቲንግስ ግቡ፣ ኔትወርክ፣ ከታች አድቫንስድ፣ እዚያ ውስጥ «አድቫንስድ ሼሪንግ ሴቲንግስ» አለ። ዊንዶውስ 10 ላይ በኮንትሮል ፓነል በኩል ነው። «ኦል ኔትወርክስ» የሚለው ሥር «ፓስዎርድ ፕሮቴክትድ ሼሪንግ» ታገኛላችሁ። መብራት አለበት። እኔ በፋሲካ ያጠፋኋት እሷን ነው። እሷ ከበራች ኮምፒውተራችሁ ላይ ዩዘርና ፓስዎርድ የሌለው ሰው አይገባም።

ቀጥሎ፣ ለሚገባው ሰው ዩዘር ክፈቱለት። የራሳችሁን ስምና ፓስዎርድ አትስጡ! እሱ የቤቱ ሁሉ ቁልፍ ነው። አካውንትስ ውስጥ «አዘር ዩዘርስ» በሉ፣ አዲስ ጨምሩ፣ ኢሜል ሲጠይቃችሁ «የዚህ ሰው መግቢያ የለኝም»፣ ቀጥሎ «ያለ ማይክሮሶፍት አካውንት» የሚሉትን ተከተሉ። ስም ስጡት። እኔ ቤት «ሳሎን» የሚባል ዩዘር አለ፤ ቴሌቪዥኑ በሱ ነው የሚገባው። «ልጆች» የሚባልም አለ። ተራ ዩዘር ይሁን፣ አድሚን፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ሁሉ የሚያዝ፣ አይሁን።

ከዚያ ፎልደሩ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ «ሼሪንግ» የሚለው ውስጥ «ሼር» የምትል ቁልፍ አለች። ስሙን ምረጡ፣ ጨምሩ። «ሪድ» ካላችሁት ያያል፣ ይገለብጣል፣ ማጥፋት አይችልም። «ሪድ ራይት» ካላችሁት ማጥፋትም ይችላል። ዝርዝሩ ላይ «ኤቭሪዋን» ካለ አውጡት። በሉ እስቲ ጠይቁኝ፣ ያ የ11 ዓመት ልጅ ፋሲካ ላይ «ሪድ» ብቻ ቢኖረው ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ስልኩ «አይቻልም» ይለው ነበር፣ አባቴም ፍሬሙ ውስጥ ይሆን ነበር። ለቴሌቪዥን ለምን ማጥፋት ትፈቅዳላችሁ? ቴሌቪዥን ሊያይ እንጂ ሊጽፍ አልመጣም።

ደግሞ ሙሉውን ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ ያለበትን ዋናውን ዲስክ፣ ሼር የምታደርጉ አላችሁ። አይቻለሁ። «ለመፈለግ እንዳያስቸግር» ትላላችሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! አንድ ፎልደር ፍጠሩ፣ የሚካፈለውን እዚያ አስገቡ፣ እሱን ብቻ ሼር አድርጉ። የባንክ ወረቀት፣ የፓስፖርት ኮፒ፣ የካርታ ፎቶ እዚያ ፎልደር ውስጥ ምን ይሠራል?

አሁን ከሁሉም በላይ ስልኬን የሚያስጮኸው ችግር። አንድ የሂሳብ ሠራተኛ ደንበኛ አሉኝ። ትልቅ ሰው ናቸው። አንድ ማታ ደወሉ፦ «ልጄ፣ ኮምፒውተሩ ጠልቶኛል።» ምነው ጋሽዬ? «ከላፕቶፑ ወደ ዴስክቶፑ ፎልደር ልገባ ፓስዎርድ ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት፣ ስህተት ነው ይለኛል። ሃያ ጊዜ ሰጠሁት።» ምን እየጻፉ ነው አልኳቸው። በስልክ ነገሩኝ፤ ለኔ መንገር አልነበረባቸውም፣ ግን ነገሩኝ። አራት ቁጥር። ፒን ነው! ፒን የሚሠራው እዚያው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣችሁ ስትከፍቱት ብቻ ነው። በኔትወርክ ስትመጡ የሚጠየቀው የአካውንቱ እውነተኛ ፓስዎርድ ነው። በማይክሮሶፍት አካውንት የምትገቡ ከሆነ ደግሞ ዩዘርኔሙ ኢሜላችሁ፣ ፓስዎርዱ የማይክሮሶፍት አካውንቱ ነው። ብዙ ሰው ፒን ከለመደ በኋላ ያንን ፓስዎርድ ረስቶታል። ጋሽዬም ረስተውት ነበር። ለዚህ ነው ለብቻው ዩዘር ክፈቱ የምለው።

ሌላኛው ደግሞ ዩዘሩ ጭራሽ ፓስዎርድ የሌለው ሲሆን ነው። «ባዶ ነው፣ ዝም ብዬ ኢንተር እላለሁ» ይላሉ። ባዶ ፓስዎርድ ያለው ዩዘር ካልነካካችሁት በቀር በኔትወርክ አይገባም፤ ዊንዶውስ ራሱ ይከለክለዋል። ይህን ያደረገውን ሰው ባገኘው ቡና እጋብዘዋለሁ።

ፓስዎርዱ ራሱ ምን ይሁን? ረጅም ይሁን። ሰው የማይጠረጥረው የአማርኛ ሐረግ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ። ለምሳሌ «ዶሮ ወጥ ያለ ሽንኩርት»። ይሄን ራሱን አትጠቀሙ እንግዲህ፣ እዚህ ሃምሳ ሰው ሰምቶታል! የሰሌዳ ቁጥር፣ ስልክ ቁጥር፣ የቤት ቁጥር ይቅር። ስትገቡ «ሪሜምበር» የምትል ሳጥን ትመጣለች። በራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ ምልክት አድርጉባት፣ በሰው ማሽን ላይ ግን አታድርጉ። አድርጋችሁ ከሆነም «ክሬደንሻል ማናጀር» የሚባለው ውስጥ ገብታችሁ ማጥፋት ትችላላችሁ።

ስለ አሮጌ ማሽን አንድ ነገር ብዬ ልጨርስ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 12 ቀን 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን አዳረሰ። ከ150 በላይ አገሮች፤ እንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ሕመምተኛ መለሱ። በምን በር ገባ? በዚሁ ፎልደር በምንካፈልበት በር፣ ኤስኤምቢ በሚባለው መንገድ፣ በጥንቱ ስሪቱ፣ በኤስኤምቢ አንድ። ፓስዎርድም አላስፈለገውም፤ መንገዱ ራሱ ቀዳዳ ነበረው። ማይክሮሶፍት መጠገኛውን ሁለት ወር ቀድሞ አውጥቶት ነበር፤ ያልጫነው ሰው ነው የተበላው። ስለዚህ «አፕዴት ዳታ ይበላል» ብላችሁ ያጠፋችሁ ሰዎች፣ አውቃችኋለሁ፣ ማታ ማታ አብሩት። ቴሌቪዥኑ ወይም የድሮው ማሽን አልገባ ሲል «ኤስኤምቢ አንድን አብራው» የሚል ምክር ታገኛላችሁ። አትስሙ። የተዘጋውን ቀዳዳ መልሶ መቆፈር ነው።

አቤት እማማ? «እንግዲያው ከጎረቤት ጋር ዋይፋይ መካፈል ይቅር ወይ?» አሉኝ። ኧረ አይቅር! እኔም አላቆምኩም። ራውተራችሁ «ጌስት» የሚባል ሁለተኛ ዋይፋይ ካለው እንግዳንና ጎረቤትን በሱ አስገቡ፤ ኢንተርኔቱን ያገኛል፣ ኮምፒውተራችሁን አያይም። አብዛኛው አዲስ ራውተር አለው። ከሌለው ደግሞ ያልኳችሁን አድርጉ፣ ይበቃል። የኔን ጎረቤቶች ሁሉንም ባለፈው ወር ጌስት ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ያም ልጅ እዚያ ነው። ሲመጣ ግን «ልጆች» በሚለው ዩዘር የካርቱን ፎልደሩን ራሴ እከፍትለታለሁ። ማየት ብቻ።

በሉ፣ ላፕቶፕ ያመጣችሁ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። ሶኬቱ አንድ ነው፣ ከበሩ ኋላ፤ ማከፋፈያ ይዣለሁ። ከእማማ እንጀምር። እማማ፣ ፓስዎርድዎን ሲጽፉ እኔ ፊቴን አዞራለሁ፤ ጮክ ብለው ግን አይበሉት።